ደስዬ፣ ፔርሜሶህ ደርሷል

ተኳርፈን እንኳ ታስቀኝ ለነበርከው ባሌ፣ ለደስዬ፤

ከተለየኸኝ ሁለት ፋሲካ አለፈ። እንደምን አለህ ብዬ መጀመር አቃተኝ። አንተ ብትሆን እሱንም ቀልድ ታደርገው ነበር።

ቤቱን ላውራህ። ልጃችን ሳራ ሥራ አግኝታ ሚላኖ ገብታለች። እኔ አሁንም እዚሁ ሮም ጠዋት ጠዋት አሮጊቷን ጣልያን ሲኞራ እንከባከባለሁ። እሳቸው ይረሳሉ፤ ያ ባርኔጣ የሚያደርገው ባልሽ ዛሬ ይመጣል ወይ ይሉኛል። ሞቷል ማለት ስለሰለቸኝ ይመጣል እላቸዋለሁ። ብያቸው ሳበቃ እኔም በሩን አያለሁ።

ባንጆህ፣ ያ እንደ ክራር የምትመታው የፈረንጅ መሣሪያ፣ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ትራሙ በፒያሳ ቪቶሪዮ ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጥና ክሮቹ ያንጎራጉራሉ። ሳራ ላላላቸው ብትለኝ እንዳትነኪው ብዬ ጮህኩባት። ድምፁ በተሰማ ቁጥር ከአፌ የሚወጣው አንድ ቃል ነው፤ ተነስ።

ስንቱን ሆነህ አለፍክ! በቀበሌው ኪነት ክራር መቺ ነበርክ፤ በአብዮቱ መዝሙር መሀል ሰዉን አስቀህ ተባረርክ። ከዚያ በሆቴል ጊታር፣ በሠርግ ቤት ደግሞ ሙሽራውን ሳይቀር በቀልድ የምትነካካ ዘፋኝ ሆንክ። ሮም ስትገባ ሳህን አጣቢ። እዚያው ኩሽና ውስጥ ምግብ አብሳዩን ሳንድሮን አገኘኸው፤ ቫዮሊን ተጫዋች፣ ብሉግራስ የሚሉትን የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ከራሱ አብልጦ የሚወድ ሰው። ባንጆ ያስያዘህ እሱ ነው። ክራር የለመደ ጣትህ አልተቸገረም። አራት ጣልያንና አንድ አበሻ፣ ሁላችሁም ባርኔጣ ደፍታችሁ፣ በየመንደሩ ፌስታ ዞራችሁ። ከየት ነህ ሲሉህ፣ ከቴክሳስ፣ ከደብረ ማርቆስ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው ትላቸው ነበር።

ከሁሉም የሚወደደው ግን ፔርሜሶውን ሲጠብቅ ስለሞተው ሰው ያወጣኸው ዘፈን ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱን ሲጠብቅ ጢሙ ሸበተ፣ ሲጠብቅ ጫማው አለቀ፣ መጨረሻ ላይ ባንጆህን እንዳቀፍክ ወለሉ ላይ ዝርር ትላለህ። ሙዚቃው ጸጥ ይላል። ያኔ እኔ ከኋላ ወንበር ብድግ ብዬ፣ ደሳለኝ ተነስ፣ ፔርሜሶህ ደርሷል፣ እላለሁ። እንደ ፌንጣ ዘለህ ትነሳና ያን ጣትህን ማን ይይዘዋል! በሌላ ሰው ድምፅ አልነሳም ስለምትል የእሁድ እረፍቴ ሁሉ ለዚያች ጩኸት ዋለ።

ያን እሁድ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር፣ አበሻው ምግብ ቤት፣ ከምሳ በኋላ፣ ዘፈኑ ላይ ሁልጊዜ በምትወድቅበት ቦታ ወደቅህ። ሙዚቃው ጸጥ አለ። ጮህኩ። ሰዉ ሳቀ። አልተነሳህም። ዛሬስ አበዛው ብዬ እየሳቅሁ ደግሜ ጠራሁህ፤ ሰዉ ያጨበጭብ ነበር። ሳንድሮ ቫዮሊኑን መሬት ሲያስቀምጥ ነው የገባኝ። ሐኪሞቹ ወለሉን ሳትነካ ልብህ ቆሞ ነበር አሉ። ያ ሳቅ ደስዬ፣ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በኔ ድምፅ ትነሳ አልነበር? ለምን ያን ቀን እምቢ አልከኝ?

ባለፈው እሁድ ሳንድሮና ጓደኞቹ አንተን ለማስታወስ እዚያው ተጫወቱ። ዘፈንህን ሲጀምሩ ልውጣ ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ነበር፣ መልሼ ተቀመጥኩ። የምትወድቅበት ሲደርሱ ዝም አሉ። ጩኸቱን ለኔ ትተውልኝ ነው፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ። አስተናጋጇ ሳህን እንደያዘች ቆመች። ወለሉን አየሁት። ብጠራህ የምትነሳ መሰለኝ፣ ማርያምን ነው የምልህ። ባትነሳስ? ብትነሳስ ምን ሆነህ ትነሳለህ? ፈራሁ። አልጠራሁህም። ሳንድሮ ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝና የቀረውን ቀስ አድርጎ ብቻውን ተጫወተው።

ሰው ሁሉ ሲስቅ አንተ ስትወድቅ ስትነሳ ኖርክ። ደክሞህ እንደነበር ለምን አልታየኝም? ሳራ ስትመጣ ክሮቹን እንድታላላቸው ነግሬያታለሁ። ባርኔጣህ ከማንጠልጠያው አይወርድም። ዘፈንህን ሳህን ሳጥብ አዜመዋለሁ፣ የቴክሳሱን ቀልድ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር አወራዋለሁ። አልረሳህም።

ይህን ስጽፍ ትራሙ አለፈ። ባንጆህ አንጎራጎረ። ያ ቃል ምላሴ ጫፍ ደረሰ፤ ዋጥኩት።

ተኛ ደስዬ። ፔርሜሶው ገና አልደረሰም።

ያንተው ብርቄ