ጣቴን ሳነሳ የሚጠፉት ወፎች

ልጄ ሱሃይላ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ ሲከፋሽም «አለሁልሽ» የሚል ጎረቤት አያሳጣሽ።

እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጎረቤታችን ዛኪር «ጋሽ ደሊል፣ እኔ ልጻፍልዎት» ቢለኝ እምቢ አልኩት፤ ፊደሌ ቢንጋደድም የራሴ ነው። የእናትሽ ፓፓያ አፍርታ ነበር። ቤት ውስጥ ፍሬዋን የሚበላ ስለሌለ ለሰፈር አደልኩት። ናዝሬት አቧራዋም ሙቀቷም እንደተውሽው ነው።

ይህ በኮምፒውተር ሥዕል የማንቀሳቀስ ትምህርት እንጀራ ይሆናል መባሉ አሁንም አልተዋጠልኝም። ግን የመጀመሪያ የቤት ሥራዬ ብለሽ የላክሻቸውን ወፎች ዛኪር ስልኬ ላይ ከፈተልኝ። ጣቴን ሳሳርፍ ዙሪያውን ይሰበሰባሉ፣ ሳነሳ በረው ይጠፋሉ። ምሳ ስበላ ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ቀኝ እጄ ምግብ ላይ ስለሆነ በግራዬ ነው የምነካቸው፤ ነውር ነው እንዳትዪ። ትናንት ዛኪር ድንገት ገብቶ «ደግሞ ከወፍ ጋር መብላት ጀመሩ?» ብሎ ሳቀብኝ።

«የልጄን የቤት ሥራ እያረምኩ ነው!» አልኩት።

እርማቴም ይኸውልሽ፦ ጣቴን ሳነሳ ሁሉም አይሂዱ። ከቻልሽ አንዷ እንኳ ትቆይ።

በደንብ ብዪ፣ ደርበሽ ልበሺ። አላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

አባትሽ ደሊል