ከግንባሩ የሚጀምር መስመር

ሰኞ

እንቢ አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ኮምፒውተር ላይ በሳልኩት ፈረስ የዙሪያ መስመር ላይ ቀለም ለማሸጋገር ስታገል ዋልኩ። ቢጫው ጭራው ላይ ደምቆ ይነሳና ጀርባውን፣ አንገቱን፣ ራሱን ይዞ ይሄዳል። በሆዱ በኩል ዞሮ ሲመለስ ይጠቁርና እዚያው ጭራው ላይ ከተነሳበት ቢጫ ጋር ይላተማል። የተቀጠለ ገመድ ነው የሚመስለው።

ሥራው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ለዓመታዊ በዓላቸው ትልቅ ባነር አዘዋል። ጥቁር አረንጓዴ መደብ፣ መሃሉ ላይ በመስመር ብቻ የተሳለ ፈረስ። «ውስጡ ባዶ ይሁን፤ ዙሪያው ብቻ እንደ ወርቅ ይብራ» ብለዋል። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጌታሁን ቀላል መስሎት «በሁለት ቀን ታደርሰዋለች» ብሎ ቃል ገባላቸው። እሱ ምን ቸገረው፤ የሚያፈጠው የኔ ዓይን ነው።

ፕሮግራሙ መስመር ላይ ቀለም የሚያሸጋግርበት ሦስት መንገድ አለው። ቀለሙ ወይ ከግራ ወደ ቀኝ ዝም ብሎ ይዘረጋል፣ ወይ መስመሩን ተከትሎ ይጓዛል፣ ወይ በመስመሩ ወርድ ይሻገራል። የመጀመሪያው ፈረሱን ለሁለት የከፈለው መሰለ። ሦስተኛው የውሃ ቧንቧ አደረገው። የሚያምረው ሁለተኛው ነበር፣ ግን ያ መጋጠሚያ!

ሰናይት ብትኖር እየሳቅን እንፈታው ነበር። እሷ ሥራ ቀይራ ባሕር ዳር ከሄደች ወዲህ ወንበሯ ላይ የወረቀት ካርቶን ተቀምጧል። ዛሬ «ፎቶ ኮፒ አለ?» ከሚል ሰው በቀር ያናገረኝ የለም።

ማክሰኞ

አሸነፍኩት! መስመሩ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ሌላ ቢጫ ጨመርኩና ጥቁሩን ቡኒ ወደ መሃል ገፋሁት። አሁን በቢጫ ይጀምራል፣ በቢጫ ይጨርሳል፤ ዙሪያውን በጣት ቢከተሉት መጋጠሚያው የት እንደሆነ አይታወቅም። ከደስታዬ ብዛት ወደ ጎን ዞሬ «ተመልከቺ!» ልል ነበር። ካርቶኑ ነው ያለው።

ፈረሱን የሳልኩት ስልኬ ውስጥ ካለች ፎቶ ነው። የአባባ ፈረስ፣ ቦራ ነው። አባባ ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ይነዳል፤ እኔም ያደግሁት ከጎኑ፣ ጋሪው መቀመጫ ላይ ነው። ፎቶዋን ያነሳሁት ለሥራ ወደ እንጅባራ የመጣሁ ቀን፣ መናኸሪያ ሲያደርሰኝ ነበር። ቦራ ጎንበስ ብሎ ሻንጣዬ የተጫነበትን ጋሪ ሲጎትት።

ከአባባ ጋር እሁድ እሁድ እንደዋወላለን። «ደህና ነሽ የሺ?» «ደህና ነኝ።» «ብርዱስ?» «ደህና ነው።» ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንልና ኔትወርኩን እናማለን። ኔትወርኩ ምንም አላደረገም። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምንባባለው ጠፍቶን ነው። በሚኒባስ ብዙም የማይርቅ መንገድ፣ ከፋሲካ ወዲህ አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ እላለሁ። እውነቱ ግን እሷ የሌለችበት ቤት መግባት ስለሚከብደኝ ነው።

ረቡዕ

ፊቴ አሁንም እንደጋለ ነው።

የፈረሰኞቹ ሽማግሌ ጋሽ ዘለቀ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ሥራውን ሊያዩ መጡ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። ከዚያ ሁለቱ በአገውኛ ይነጋገሩ ጀመር። ከሁሉም የገባችኝ «ጋሪ» የምትለዋ ብቻ ናት።

«ልጄ፣ ይኸ የጋሪ ፈረስ ነው» አሉኝ።

«በምን አወቁ ጋሼ?»

«አንገቱን አየሽው? እየጎተተ ነው። የኛ ፈረስ አይጎትትም፣ ይመጣል እንጂ። ደግሞ ብርሃኑን ጭራው ላይ አደረግሽው። ፈረስ ከኋላው ነው እንዴ የሚቀበሉት?»

ጓደኛቸው ሳቁ። ክፋት አልነበረውም፣ ግን የተሳቀብኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አባባም ጭምር መሰለኝ።

ከሄዱ በኋላ ጌታሁን በሩ ላይ ቆሞ «ቅዳሜ ይመለሳሉ» አለኝ። «አሁንም ካልወደዱት ንድፍ ንድፉን ባሕር ዳር ላለ ሰው በቴሌግራም እልካለሁ። አንቺ ፎቶ ኮፒውን ትይዣለሽ።» አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ አገር ያለኝ ነገር ንድፉ ብቻ ነው። ዘመድ የለኝ፣ ጓደኛዬ ሄዳለች። እሱንም ከወሰዱብኝ በዚህ ብርድ ውስጥ ለምን እቀመጣለሁ?

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ባነሩ ብቻ አይመስለኝም። ሽማግሌው ልክ ናቸው። የጋሪ ነጂ ልጅ ፈረሷን የምታውቀው ከኋላው ነው። ስስልም ሳላስበው ከጭራው ጀመርኩ፤ ቀለሙም መስመሩ ከሚጀምርበት ነው የሚነሳው። የቦራን ፊት ዓይኔን ጨፍኜ ላስታውሰው ብሞክር አልመጣ አለኝ።

ሐሙስ

እሁድ ሳይደርስ ለአባባ ደወልኩ። ክው አለ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። አባባ፣ ፈረስ ከፊት ሲታይ አንገቱ እንዴት ነው?»

ያበድኩ መስሎት ይሆናል። ከዚያ ግን ጀመረ። ጋሪው ሲፈታለት መጀመሪያ እንዴት ትከሻውን እንደሚያራግፍ፣ ከዚያ እንዴት አንገቱን ቀና አድርጎ ደረቱን እንደሚነፋ፣ ባዝራ የሸተተው እንደሆነማ ጆሮው እንዴት እንደሚቆም። «ሲፈታኮ ሌላ ነው! አንቺ አላየሽውም፤ ስፈታው ሮጠሽ ወደ እናትሽ ነበር የምትገቢ» አለኝ። «እናትሽ» ሲል ድምፁ አልተሰበረም። ሳቀም። ብዙ አወራን፤ ኔትወርኩን ማንም አላማው።

ፎቶ ላክልኝ አልኩት። የሱ ስልክ ፎቶ የማይልክ ባለቁልፍ ነው፤ ጎረቤታችንን ብርቄን እንዲለምናት ነገርኩት።

አመሻሹ ላይ ፎቶው ደረሰኝ። ቦራ ግቢያችን ውስጥ ከጋሪው ተፈትቶ ቆሟል። ታጥቧል፣ ጋማው ተበጥሯል። አንገቱ አባባ እንዳለው ነው። ግንባሩ ላይ ያ ነጭ፣ ቦራ ያስባለው ነጭ፣ ቁልጭ ብሏል። አባባ ገመዱን ይዞ ዳር ላይ ቆሟል። የክት ኮቱን ለብሷል! ለፈረስ ፎቶ ኮት ምን ያደርጋል ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። አፉ ተከፍቷል፤ ቦራን እየተቆጣ ይሆናል። ኮቱ ሰፍቶታል። መቼ ነው እንዲህ የከሳው?

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። አባባን ከፎቶው ቆርጬ አወጣሁት፤ ገመዱን የያዘው እጁ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ እሱንም አጠፋሁት። የሚፈለገው ፈረሱ ነው።

መስመሩን እንደገና ሳልኩ። ከዚያ የፕሮግራሙን መቀስ ይዤ ግንባሩ ላይ፣ ነጩ ባለበት ቆረጥኩት፤ መስመሩ መጀመሪያውን እዚያ አደረገ። ቢጫው ከግንባሩ ተነሳ፣ ዞሮም ግንባሩ ላይ ገባ። ጥቁሩ ወደ ጭራው ሄደ። ሳየው ራሴን ወደ ኋላ ሳብኩ፤ ፈረሱ ወደኔ እየመጣ ነበር።

ደስታዬ ብዙም አልቆየ። በሙከራ ህትመቱ ላይ የኋላ እግሩ ጠፋ። ስክሪን የማያሳየው ጉድ የለም፤ ወረቀት ግን ቡኒውን አረንጓዴው ውስጥ አሰጠመው። ቡኒውን ወደ መዳብ አፈካሁት፣ መስመሩንም ወፈር አደረግሁት። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ደግነቱ ሴቭ አድርጌ ነበር። መብራቱ እስኪመለስ ድረስ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ የሰናይትን ካርቶን ሳይ ቆየሁ።

አሁን አራቱም እግር ይታያል። የነገውን እሱ ያውቃል።

ቅዳሜ

ጋሽ ዘለቀ ብቻቸውን መጡ። አልተቀመጡም። ፈረሱን ስክሪኑ ላይ ከፈትኩላቸው።

«አሁን መጣ» አሉ።

ጌታሁን በረጅሙ ተነፈሰ። ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው «የማን ፈረስ ነው?» አሉኝ።

«የአባቴ ነው ጋሼ። ያው የፊተኛው ነው፤ የጋሪው።»

አዩኝ፣ ስክሪኑን አዩት፣ ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንግዲያ አባትሽ በደንብ ይዞታል» አሉኝ።

ጌታሁን ካርቶኑን ከሰናይት ወንበር ላይ አንስቶ ራሱ ተቀመጠና «የትምህርት ቤቱን ባነርም አንቺው ሥሪው» አለ። ምስጋናው ይኸው ነው፤ ይበቃኛል።

ግን ለማን ልንገር? ለሰናይት ጻፍኩላት፤ እስካሁን አላየችውም። ፈረሱን በትንሽ ወረቀት አተምኩት። ነገ እሄዳለሁ።

እሁድ

ዳንግላ ነኝ።

አባባ መናኸሪያ ድረስ ጋሪውን ይዞ መጣ። እኔ ግን ጋሪው ላይ ሳልወጣ በፊት በኩል ዞሬ የቦራን ግንባር አሸሁት። አባባ ግራ ገባው። ወረቀቱን ስሰጠው አገላብጦ አየና «እሱ ነው» አለ፤ ከዚያ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው።

ቤቱ እንደፈራሁት ነው። የእናቴ ነጠላ አሁንም ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ግን ገባሁ፣ ተቀመጥኩም።

ምሳ ስንበላ ብርቄ መጣች። አባባ ውሃ ሊያመጣ ሲወጣ ጠብቃ ሳቋ አመለጣት።

«የሺዬ፣ አባትሽ ያን ቀንኮ ገደሉኝ! ፎቶ ነው ብላቸው ማን ይስማኝ። አንቺ በቪዲዮ የምታያቸው መስሏቸው ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ስልኩን እያዩ ሲያወሩሽ፣ ሲያወሩሽ… ‹ምነው አትመልስልኝም?› ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ኔትወርኩ ነው አልኳቸው።»

እሷ ስትስቅ እኔም ልስቅ ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ያ የተከፈተ አፍ! እየተቆጣ ነው ብዬ ነበር። ቆርጬ አወጣሁት።

ብርቄ ከሄደች በኋላ አባባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጋሪው ላይ ጎን ለጎን ስለምንቀመጥ፣ እንዲህ ፊት ለፊት መተያየት አልለመድንም።

«አባባ፣ ፎቶ የተነሳህ ቀን ምን ነበር ያልከኝ?»

«ምን እላለሁ። መቼ ነው የምትመጪ ነው ያልኩሽ» አለ። ከዚያ ትሪውን ወደኔ ገፋ አደረገው። «ተይው፤ መጣሽ አይደል። ብይ።»

በላሁ። ነገ ሥራ አለብኝ፤ የመጨረሻው ሚኒባስ ሳይሞላ መናኸሪያ መድረስ ነበረብኝ። አባባ ውጭ ቦራን እየፈታው ነው። «አትፍታው፣ አድርሰኝ» አላልኩትም።