ያላለቀው ጎማ

ይድረስ ሰመራ ላለው ልጄ ለኡበይድ፤

አሰላሙ ዐለይኩም፣ የዓይኔ ማረፊያ። አንተን አላህ ከዚያ ሐሩር ይጠብቅህ እንጂ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሯል።

ወንድምህን ሙንተሲርን ብታየው ትገረማለህ። ጎሚስታ ቤት መሄድ ቀርቶ፣ ማክሰኞ የሞተሩን ሁለቱንም ጎማ እዚሁ በእጁ ቀየረ። በሁለት ብረት ከቸርኬው እየፈለቀቀ፣ ጠርዙን ሳሙና እየቀባ፣ ጣቱ እስኪደማ ታገለ። ላግዝህ ብለው «እማ፣ ቤት ግቢ» አለኝ። የወጣው ጎማ ጥርሱ ገና አልተበላም። ለዶሮዎቹ የውሃ መጠጫ ላደርገው ብፈልግ ጓሮ ቀብሮታል። «አልቋል» አለኝ። እሺ አልኩት።

ያ በመስኖው ውሃ ከወንድምህ ጋር የተቀያየመው ጎረቤታችን ታሂር ከሰኞ ወዲህ ቤቱ አልገባም። ረቡዕ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ አንድ እግር ጫማው ተገኘ፤ አጠገቡ የሞተር ዱካ አለ። ሽማግሌዎቹ ዱካውን ከብት እንዳይረግጠው በእሾህ አጥረው፣ የሰፈሩን ሞተር ሁሉ እያስመጡ ጎማውን ያስተያያሉ። የእኛ አልገጠመም። ሚስቱ ጀዊሪያ እኛው ጋ እየመጣች ትቀመጣለች፤ እህል አልቀምስ ብላለች።

ዶሮዎቹ ያንን የጓሮ አፈር እየጫሩ አስቸገሩኝ። ድንጋይ ጫንኩበት።

ልጄ፣ ማሽላው ገና አልተወቃም፤ ዝናብ ከነካው እንደሚበሰብስም አውቃለሁ። ቢሆንም ዝናብ እንዲጥልልን ዱዓ አድርግ። ዛሬውኑ አድርግ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እናትህ መይሙና፣ ከቆቦ