የመጀመሪያዋ ኩባያ

ታድዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከሄድክ ዓመት ሞላህ። ሰው ሁሉ ጊዜው እንዴት ይሮጣል ይለኛል፤ ለእኔ ግን አልሮጠም፣ እግሩን እየጎተተ ነው ያለፈው። ሙት ዓመትህን ትናንት አደረግንልህ። ድንኳኑ ዛሬ ጠዋት ፈረሰ፣ ድስቱና ወንበሩ ወደ እድሩ ቤት ተመለሰ፣ እኔም እግሬን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ ይኸው እጽፍልሃለሁ። ደክሞኛል። ለሌላው ሰው ደህና ነኝ እላለሁ፣ ላንተ ግን ምን ብዬ እዋሻለሁ?

ቤቱን ልንገርህ። የጓሮው አጥር ዘሟል፤ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ እንጨት ደግፈውበት እስካሁን አልወደቀም። ሰማያዊው በርሜልም እዚያው ነው፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የሚመጣው ደግሞ እኔ ማጣሪያ ጣቢያው ሥራ ላይ ስሆን ጠብቆ ነው። አየህልኝ ጉዴን? ፓምፕ ሳስነሳ፣ የማጣሪያውን አሸዋ ሳሳጥብ፣ ክሎሪን ስመጥን፣ መብራት ሲሄድ ወደ ጄኔሬተሩ ስሮጥ ውዬ ቤቴ ስገባ ፊቴን የምታጠብበት አጣለሁ። ወገብህ ታሞ ከሳሪሱ ጋራዥ ከቀረህ ወዲህ በርሜሉ ጎድሎ አያውቅም ነበር። ሞልተኸው በር ላይ ትቆምና የከተማው ውሃ ቀጂ መጣች ብለህ ትቀልድብኝ ነበር።

ልጅህ ሜሮን ይህን እያየች ነጋ ጠባ ትነዘንዘኛለች። ሥራሽን ተይው፣ ቤቱን እናከራየው፣ ኮዬ ፈጬ ከእኔ ጋር ኑሪ ትለኛለች። እሷ ራሷ ውሃ አራተኛ ፎቅ አልወጣ ብሏት ጀሪካን በደረጃ ትጎትታለች እኮ! ግን እውነቷን ነው፣ ጉልበቴ አልቋል። የአባትሽ ሙት ዓመት ይለፍና መልሴን እነግርሻለሁ አልኳት። በልቤ እሺ ልላት ነበር።

የመጀመሪያዋን ኩባያ እንዴት እረሳታለሁ? ውሃ ሲመጣ ቧንቧው አስነጥሶ አስነጥሶ ሲያበቃ አንዲት ኩባያ ቀድተህ ትጠጣና ጣቢያ ትደውልልኝ ነበር። ዛሬ ክሎሪኗን አበዛሻት ትላለህ። እኔም የክሎሪን መለኪያ መሣሪያውን አይቼ እመለስና መጠኑ ልክ ነው እልሃለሁ፤ ለጣቢያው ቅርብ ስለሆንን ነው፣ እኛ ዘንድ ጠንከር ካላለ መስመሩ ጫፍ ላለው ሰው አይተርፈውም፣ በርሜሉን ብቻ አትክደነው። አንተ ደግሞ አንቺኮ አፍንጫ የለሽም ትለኛለህ። በዚች ነገር ስንቴ ተኳርፈናል! ክሎሪን ሲውሉበት አፍንጫ ይለምደዋል ሲባል እሰማለሁ፣ የእኔ ግን እንደሄደ አንድም ቀን አላመንኩህም።

ለሙት ዓመትህ ጠላ ልጠምቅ ፈቃድ ወሰድኩ። በመጀመሪያው ቀን ውሃ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ከቧንቧው በቀጥታ ወደ ጋኑ ገለበጥኩት። አንተ የጠላውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ብለህ ክፍቱን ታሳድረው እንደነበር ጭራሽ ትዝ አላለኝም። እኔ፣ ሥራዬ ሆኖ! ቀን ቆጥሬ ባየው ጥንስሱ አልነሳ አለኝ። አዴ ጫልቱ ጎንበስ ብለው አሸተቱና ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይላል አሉኝ። የለም ብዬ ድርቅ አልኩ፤ ለእኔ ምንም አይሸተኝም። መጨረሻ ላይ ወስጄ ጓሮ ደፋሁት። ያንተን ጠላ ደፋሁት፣ ታድዬ፣ ጋኑን አቅፌም አለቀስኩ። አዴ ጫልቱ ሄደው ለራሳቸው በዓል የጠመቁትን አሸክመው መጡ። ስማቸውን አንስቼ አልጠግብም።

ትናንት ጠዋት እንግዳ ሳይገባ ቧንቧው ማስነጠስ ጀመረ። ሳላስበው ኩባያ አነሳሁ፣ ቀዳሁ፣ ጠጣሁ። ታድዬ፣ ምላሴን ያዘኝ! ከጣቢያው ርቄ ስለሰነበትኩ ለካ አፍንጫዬ ተመልሶልኝ ኖሯል። ለካ እንዲህ ነው። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ይህን እየጠጣህ ነበር እኔ ጥፋቱ የምላስህ ነው የምልህ።

እጄ ስልክ አንስቶ ጣቢያ ደወለ። ለተረኛው ባልደረባዬ ዛሬ ክሎሪኗን አበዛችኋት አልኩት። ቆይ ብሎኝ ሄደ፣ መሣሪያውን አይቶ ተመለሰና፣ እትዬ አስቴር፣ መጠኑ ልክ ነው፣ ለጣቢያው ቅርብ ስለሆናችሁ ነው፣ በርሜሉን ብቻ አይክደኑት አለኝ። ቃል በቃል የራሴን መልስ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ሳቄን ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ። ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ሐዘኑ የተነሳብኝ መስሏቸው ደግፈው አስቀመጡኝ። ናፈቅከኝ፣ ሌላ ምን ልበልህ። ያ የምንነታረክበት ስልክ ነው የናፈቀኝ።

ያቺን ኩባያና ያን ስልክ ትቼ መሄድ አልቻልኩም፤ ሜሮንን ዛሬ ጡረታዬ እስኪደርስ አልመጣም አልኳት። አኩርፋ ሄዳለች፣ ያንተው ልጅ አይደለች፣ ይለፍላታል። ድካሙ እንደሆነ የትም አልሄደም። ነገ ተረኛ ነኝ፤ አፍንጫዬም ሳይውል ሳያድር ጥሎኝ ይሄዳል። ስለዚህ የጓሮውን ቁልፍ ለአዴ ጫልቱ ሰጠኋቸው። ውሃ ሲመጣ በርሜሉን ይሞሉልኛል፣ ሳይከድኑ ይተዉታል፣ የመጀመሪያዋንም ኩባያ ጠጥተው ይደውሉልኛል። ይህቺ ሴት ምን ነካት ብለው አዩኝ፣ ግን እሺ አሉ።

አንተን የማስታውስህ እንዲህ ነው፣ ታድዬ። ደውለው ዛሬ በዝቷል ሲሉኝ አልከራከራቸውም። መጀመሪያ አምናቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ተነስቼ መሣሪያውን የማየው።

ውሃ ቀጂህ
አስቴር