ሙሽራ ያደረጉብኝ ጋላቢ

ዳንግላ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አዝመራው
የወጣቶች መጻሕፍት መርማሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይም ቀይ እርሳስ የሚይዙባት ቀኝ እጅዎ ደኅና ናት ወይ? እኛ በዳንግላ ያለነው፣ ከእርስዎ ዘንድ ከደረሰብን ጥቂት ነገር በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

እኔ በዚህ ከተማ አስተማሪ ስሆን፣ «የደወሉ ሌቦች» የሚል ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ጽፌ ለምርመራ የላክሁልዎ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ ዴስክ ሥር ደብቀው የሚያነቡትን በእጅ የተገለበጠ የመሸታ ቤት ወሬ አይቼ አፍሬ ስለ ነበር፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ ነገር ግን እናት ፊት ያለ እፍረት የሚነበብ መጽሐፍ ልስጣቸው ብዬ ተነሣሁ። ሞክረውት ቢሆን ኖሮ ቀላል ሥራ አለመሆኑን በተረዱልኝ። ደም ሳያፈሱ ማስፈራት፣ ሳይሳደቡ ማጣላት፣ ሌባን ሳይገድሉ መያዝ ብዙ ወረቀት ያስቀድዳል። በመጽሐፌ ውስጥ ጠመንጃ የሚተኮሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ሰማይ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነበው ሌላ ሰው እንዳይቸገር ታሪኩን በአጭሩ ልንገረው። ዘውድነሽ የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አባቷ ይሞትባታል። ሕዝቡ ልቅሶ ላይ ሳለ ሌቦች የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ሰርቀው ወደ ጫግኒ ቁልቁል ይወርዳሉ። በአገራችን ጋላቢ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶውን ሆኖ በልቅሶው መካከል ይሳባል፤ ልጅቱ ያን ፈረስ ከሳቢው እጅ ነጥቃ ትወጣበትና ሌቦቹን ታሳድዳለች። የመጽሐፉ ልብ ይህ ማሳደድ ነበር። ረቂቁን በክፍል ውስጥ ሳነብላቸው ከኋላ ወንበር የሚያንቀላፉት ሳይቀሩ ተነሥተው ይቆሙ ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ልጅቱን ከፈረስ ስላወረዱልኝ አመሰግናለሁ። ሴት ልጅ በሟች ፈረስ መጋለቧ ነውር ነው ብለው፣ ቤቷ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል እንድትውል አድርገዋታል። ሌቦቹም ማንም ሳያሳድዳቸው መንገድ ላይ ድንገት ይጸጸቱና ደወሉን ተሸክመው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለ ሌባ የሚያውቁ ከሆነ እባክዎ ወደ ዳንግላ ይላኩልን፤ ፖሊሶቻችን ዕረፍት ያገኛሉ።

ሁለተኛ፣ ያችን ወደ ሰማይ የተተኮሰች ጥይት አውጥተው በምትኳ ስለ ታዛዥነት የደረሱትን ረጅም ምክር አስገብተዋል። ለተማሪዎቼ ላነብላቸው ሞክሬ ግማሹ ላይ ሳልደርስ ክፍሉ በሙሉ ተኛ። ስለ ጸጥታው ባለውለታዎ ነኝ።

ሦስተኛውንም በምስጋና ልጀምረው አስቤ ብዕሬ እምቢ አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ያችን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በመጨረሻው ገጽ ላይ ለአንድ ሽማግሌ ዳኛ ዳሯት። የአባቷ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ እልል አስብለው፣ ትምህርቷን ትታ ወግ ማዕረግ አየች ብለው ዘጉት። ከዚያም ስሜን ከላይ፣ ማኅተምዎን ከታች አድርገው፣ ለወጣቶች የተፈቀደ ንጹሕ መጽሐፍ ብለው አሳተሙት። ነውርስ ይህ ነው። ይህን በትሕትና የምገልጽበት ቃል ስላጣሁ እንዳለ ጽፌዋለሁ።

ነገሩ በወረቀት ላይ ቢቀር ኖሮ የመጽሐፌን ሬሣ ቀብሬ ዝም ባልሁ። ነገር ግን ይታይሽ ቢሻው የምትባል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ፤ ዕድሜዋ ከዘውድነሽ ጋር እኩል ነው። መጽሐፉ እኔ ሳላየው ከማተሚያ ቤት በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ተልኮ ስለ ነበር፣ ከክፍሏ አንደኛ በወጣች ጊዜ እሱኑ ሸለሟት። ወስዳም ፊደል ላልቆጠሩት አባቷ፣ ለአቶ ቢሻው፣ በአገውኛ እየተረጐመች አነበበችላቸው። ማሳደዱን ከእኔ ሰምታው ስለ ነበር ገጹን እያገላበጠች ብትፈልገው አጣችው አሉ። መጨረሻው ላይ ስትደርስም አንዲት ቃል አልዘለለችም፤ የተጻፈውን እንደ ተጻፈ ማንበብ ያስተማርኋት እኔው ነኝ።

አቶ ቢሻው ክፉ ሰው አይደሉም። ስምንተኛ ክፍል ሳትጨርስ አልድራትም ብለው አንድ የጫግኒ እህል ነጋዴ ሊያጫት የላካቸውን ሽማግሌዎች በባዶ እጅ የመለሱ ሰው ናቸው። ሆኖም በእኛ አገር የመንግሥት ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ጨዋታ ነው ብሎ የሚያነብ ገበሬ የለም፤ ማኅተም ያለበት ሁሉ ትእዛዝ ነው። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ብለምናቸው፣ ማኅተሙን በጣታቸው እያሳዩ፣ «እርስዎ ጽፈው መንግሥት ያጸደቀውን እኔ ማን ነኝና አፈርሳለሁ?» አሉኝ። ልብ ወለድ ነው፣ መጨረሻውም የእኔ አይደለም ብላቸው፣ «ስምዎ አለበት» ብለው መለሱልኝ። ነጋዴው ተመልሶ ተጠርቷል፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል፣ ይታይሽም ከትምህርት ቤት ቀርታለች።

አራተኛው አቤቱታ ሳይሆን ልመና ነው። ያ መጨረሻ የእርስዎ ድርሰት እንደ ሆነ፣ ልጅን ከትምህርት ቤት አውጥቶ መዳርም የመንግሥት ትእዛዝ እንዳልሆነ የምትናገር አንዲት መስመር ጽፈው፣ ያችኑ ማኅተም መትተው ከጥር በፊት ይላኩልኝ። አቶ ቢሻው እኔ ብምል አያምኑኝም፤ ማኅተምዎን ግን ያምናሉ። ቀደም ሲል ይህንኑ በምስጢር ብጽፍልዎ ጉዳዩ እየታየ ነው የሚል መልስ ስለ ደረሰኝ ዛሬ በአደባባይ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። የእርስዎ ጉዳይ እየታየ ሳለ በአቶ ቢሻው ቤት የሠርጉ ጌሾ እየተወቀጠ ነው።

ለእርሳስዎ ስለት፣ ለማኅተምዎ ቀለም፣ ለሕሊናዎም የሥራዎን ያህል ዕረፍት እግዚአብሔር እንዲያድልልኝ እየጸለይሁ፣ ስሜን በሰው ልጅ ዕድል ላይ የለጠፉብኝ

ትሑት አገልጋይዎ
መምህር አበረ ውቤ

ግልባጭ፦ ለዳንግላ ገበያተኛ በሙሉ

ሳልረሳው፦ በዕድሜ ከይታይሽ ብዙም የማትበልጠው ልጅዎ ወይዘሪት ስሜነሽ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል መድረሷን ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ሊያጯት የመጡትንም ሽማግሌዎች፣ ልጄ ትምህርቷን ሳትጨርስ ስለ ባል አይነሣም ብለው ከደጅ መለሷቸው አሉ። ይህን የመሰለ መጨረሻ መጻፍ የሚችሉ ሰው መሆንዎን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ፣ ለእኛም ልጆች ይኸንኑ ይጻፉልን ብዬ እግርዎ ላይ በወደቅሁ ነበር።