ጽጌን የነካ ሌላ እጅ

ሰኞ፣ ጥቅ. 4፣ ከምሽቱ 1 ሰ.

ፊልትሮው ውስጥ ዛሬም ውሃ አለ። አፈሰስኩት። የነዳጅ ሻጩ ጥፋት ነው፤ በርሜሉን ክፍት ያሳድራል፣ በርሜሉ ዝናብ ይጠጣል። የባትሪዎቹን ጫፍ ፋቅሁ፣ ግራሶ ቀባሁ። ከጀልባዋ ሆድ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ሳል ይዞታል። ፈታሁት። የዓሣ ቅርፊት ነው። ሁለቱንም ሞተር ወደ ላይ አነሣሁ፣ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመውን እንቦጭ ቆረጥኩ። ሞተር የተማርኩበትን ጣናንም ወርሶታል አሉ። እኔ ካለሁበት አይቀርም ይሄ አረም።

ስማኝ፣ ደብተር። የምናገረው እኔ ዳምጤ ነኝ። የምትጽፈው ሚስቴ ስንዱ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ለምን እንደገዛሁህ ልንገርህ። ያ ከድር የሚሉት ሰው ደብተር አለው። ሞተር በነካ ቁጥር ይጽፋል። መስፍን ገልጦ ያያል፣ ሥራ ማለት እንዲህ ነው ይላል። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ጽጌን በጆሮዬ ሳዳምጥ ሥራ ማለት እንዲህ ነው ያለኝ የለም። ይኸው ገዛሁ። ከዋንዴገያ፣ ከካምፓላ ተማሪዎች ሰፈር፣ ልባሱ ጠንካራ የሆነውን። ከሱ ደብተር ይበልጣል።

ጽጌ ሴት አይደለችም፣ ጀልባ ናት። ባለቤቷ መስፍን ነው፤ በእናቱ ስም ጠራት። ካባላጋላ ሰፈር ሬስቶራንት አለው። ከዚያ እንግዳ ያመጣል፣ ከጋባ ወደብ ተነሥተን ሐይቁ ላይ በዘንግ ትልልቅ ዓሣ ያጠምዳሉ። ለመብል አይደለም፣ ለጨዋታ። ይይዙታል፣ ፎቶ ይነሡበታል፣ ይለቁታል። የጠገበ ሰው ነገር። ሞተሩ፣ መብራቱ፣ ፓምፑ፣ የዓሣ ገንዳው የኔ ነው። የምነዳትም እኔ ነኝ። ነበርኩ ልበል። ከድር እስኪመጣ።

ያገራችን ሰው ነው፣ የጅማ። ሞምባሳ ባሕር ላይ ሠርቶ መጣ። አርባ ቢሆነው ነው። ሲያወራ ቀስ ይላል። እሱም ያናድደኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 6፣ ማታ

ከድር ማብሪያዎቹ ሥር ጽሑፍ ለጠፈ። ነጭ ወረቀት፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ። ፓምፕ። መብራት። ገንዳ። ሬዲዮ። መስፍን ጣቱን እያሳረፈ ያነባል፣ ቁርባን እንደተቀበለ ሰው ፊቱ በርቷል።

እኔ የፓምፑ ማብሪያ ላይ ክር አስሬ ነበር። የመብራቱን በምስማር ጭሬዋለሁ። የገንዳውን አልነካሁትም፣ ባዶነቱ ምልክቱ ነው። ዐይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቃቸዋለሁ። ከድር ክሩን ቆረጠው፤ ቆሻሻ መሰለው። ከዚያ፣ ጋሼ፣ አሁን ማንም ቢመጣ ያውቀዋል አለኝ፣ የሚያስደስተኝ መስሎት። ማንም! የኔ እንጀራ ማንም አለማወቁ አይደል እንዴ?

ሥራው ግን ንጹሕ ነው። ሽቦዎቹን ሰብስቦ አስሯቸዋል፣ አንድም የሚንዠዋዠው የለም። ይሄን አትጻፊ። ጻፈችው።

ለኔ የቀረኝ ቀዩ ገመድ ነበር። እንደ ጥቅልል ጸጉር የሚለጠጥ ገመድ። አንዱ ጫፍ በሚነዳው ሰው አንጓ ላይ ይታሰራል። ሌላው ጫፍ ትንሽ የፕላስቲክ መንጠቆ አለው፣ ከመሪው አጠገብ ካለች ቀይ ቁልፍ ሥር ይሰካል። ያለሱ ሞተር አይነሣም። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ገመዱ ይመዘዛል፣ ሞተሩ ያኔውኑ ጸጥ። ያ ባይሆን ጀልባዋ ነጂ ሳይኖራት ትዞራለች፣ ዞራም የወደቀውን በፕሮፔለሯ ታገኘዋለች። ከዚያ የሚለቀም እንጂ የሚድን የለም።

ዛሬ ያንን ገመድ በከድር አንጓ ላይ አየሁት። ሚስቴ ቀለበቷን አውልቃ ለሌላ ሰው የሰጠች ያህል ሆነብኝ። ስንዱ ሳቀች። ትሳቅ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 7

ምሳ ጠራችው። እኔ አልጠራሁትም። ያገር ሰው ብቻውን ፖሾ፣ የዚህን አገር የበቆሎ ገንፎ፣ ሲበላ እያየሁ ዝም አልልም አለች። ሥጋችንን ስለማይበላ ሽሮ ሠራች። ሽሮ አትበለው፤ ቅቤው ከላይ ተኝቶ፣ ቃሪያው ተሰንጎ፣ አይቡ በጎን። ለኔ ሐሙስ ቀን እንዲህ ያለ ሽሮ መቼ ቀርቦልኝ ያውቃል?

በላ። አመሰገነ። እጁን ሊታጠብ ገብቶ የማድ ቤቱ ቧንቧ ሲንጠባጠብ አየ። ካቻቢቴ አለ? ብሎ ጠየቀ። አለ፣ የኔ። እኔ ነገ እጠግነዋለሁ እያልኩ ያቆየሁትን ቧንቧ ሻይ ሳይቀርብ ጨረሰው። ከድርዬ፣ እጅህ ይባረክ አለችው። ከድርዬ! እኔን ዳምጤዬ ያለችኝ ደርግ ሳይወድቅ ነው።

ውሸት ነው ትላለች። ይጻፍ፤ ውሸት ነው ብላለች። ደግሞ እኮ ቧንቧው ስምንት ወር ተንጠባጥቧል ብላ ጨመረች። ይሄንን አላዘዝኳትም፣ በራሷ ነው የጻፈችው።

ዓርብ፣ ጥቅ. 8

መስፍን ወደ ጎን ጠራኝ። ጋሼ፣ ነገ እርስዎ ይረፉ፤ እንግዶቹን ከድር ይይዛቸዋል፤ ዝናቡም ነው፣ ጉልበትዎም ነው አለ። ጉልበቴ ምን አደረገው? ጽጌ ያለኔ ከጋባ ወጥታ አታውቅም።

 ባትሪ አየሁ። ፊልትሮ አፈሰስኩ። ሸራዋን አለበስኳት። መጣሁ።

በቃ። ዛሬ ሌላ የሚጻፍ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 9፣ ጥዋት 2 ሰ.

በረንዳ ላይ ነኝ። ከሰፈራችን ከሙቱንጎ ሆኜ ጋባ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ይታየኛል። ስልኬ ደረቴ ኪስ ውስጥ። ምን ትጠብቃለህ ትላለች ስንዱ። ስልክ። ይደውላሉ። ከድር ይሞክራል፣ ሞተሩ እምቢ ይለዋል። የለጠፈውን ያነባል፣ እምቢ ይለዋል። እንግዳው ሰዓቱን ያያል። ከዚያ መስፍን፣ ጋሼ ይድረሱልን ይላል። ቶሎ አላነሣም። ይጥራ መጀመሪያ።

ያው ቅዳሜ፣ 4 ሰ.

አልደወሉም። ጽጌ ወጣች። አየኋት፤ ነጭ ነጥብ፣ ከኋላዋ አረፋ።

ስንዱ ካፖርቴን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ቀዩን ገመድ አገኘችው። አሁን እዚህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች።  ብዕሯን ይዛ ታየኛለች።

እሺ። ጻፊ። ትናንት ሸራ ሳለብሳት ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። እንዲፈልጉኝ። ያለ ዳምጤ እንዳይሆን። ሌላ ክፋት አላሰብኩም።

አስነሣት ግን። እንዴት እንዳስነሣት አውቃለሁ፤ ቀይዋን ቁልፍ ወደ ውጭ ስቦ ከሥሯ ሲባጎ ጠምጥሞባታል። ሞተሩ ገመድ የተሰካ ይመስለዋል። ሲባጎው ግን ከማንም እጅ ጋር አልታሰረም። ከድር አሁን ሐይቁ መሀል ቢወድቅ ጽጌን የሚያቆማት የለም።

ደመናው በእንቴቤ በኩል ጠቁሯል። ደወልኩለት። በሞተር ጩኸት የት ይሰማል። መስፍንም አብሯቸው ነው፣ አያነሣም። ስንዱ አሁን አፏን ከፈተች፦ «ሰው ልታስገድል ነው እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?»

ቦዳ ጥሪልኝ፣ ሞተር ብስክሌት ነው የሚያደርሰኝ።

ያው ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1 ሰ.

ጋባ ዓሣ ሻጮቹ መሀል ቆሜ ዝናብ ደበደበኝ። አንዷ ሴትዮ ጃጃ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ ከጣራው ሥር ግባ እያለች ጎተተችኝ፤ አልገባሁም። ከጣራው ሥር ሐይቁ አይታይም።

መጡ። ሁሉም ደህና። ሁሉም ሙሉ። ቆጠርኳቸው። መስፍን ገና ከሩቅ ይጮሃል፦ «ጋሼ! ገመዱ ጠፍቶብን በሲባጎ አስነሣት እኮ! ይሄ ሰውዬ ጂኒ ነው!» እንግዶቹ የከድርን ጀርባ ይመታሉ። ፎቶ ከሱ ጋር። ዓሣው፣ እሱ፣ ጽጌ። ተመልከት ደብተር፤ እኔ ሰረቅሁ፣ እሱ ተመሰገነ።

ከድር ግን ሲወርድ ወደኔ ጠጋ አለ። ጋሼ፣ እኔን ደስ አላለኝም አለ። ሁለቴ ማዕበሉ ከወንበር አነሣኝ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲጠብቅ አልሄድም ማለት ከበደኝ አለ።  ሲፈራ ማየት ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

ማክሰኞ ሌሎች እንግዶች አሉ። ለኛ ሞተር የሚሆን ገመድ ካምፓላ አልተገኘም። ከሞምባሳ እስኪመጣ በሲባጎ እንሠራለን ይላል መስፍን።

እሑድ፣ ጥቅ. 10

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ቄሱ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ስንዱ ሂድና ስጣቸው ትላለች። ለሷ ቀላል ነው። ብሰጥ ሌባ ነኝ፣ ያውም ከድር ፊት። ባልሰጥ ማክሰኞ በሲባጎ ይወጣል።

መላ አገኘሁ። ነገ ልጠርጋት ብዬ እገባለሁ። ከነጂው ወንበር ሥር፣ ሰው እንዳይሰምጥ የሚለበሱት ሰደርያዎች ከሚቀመጡበት ሳጥን ውስጥ፣ አገኘሁት እላለሁ። ገመዱ ተመለሰ፣ ሰው አልሞተ፣ ዳምጤ አልተዋረደ።

ስንዱ ይሄን አልጽፍም አለች። ጽፋዋለች ግን፤ ብዕሩ ሲጮህ ይሰማኛል።

ሰኞ፣ ጥቅ. 11፣ ማታ

አገኘሁት አልኩ። ጮክ ብዬ። ገመዱን ከፍ አድርጌ። መስፍን ትከሻዬን መታ፦ «የጋሼ ዐይን!»

ከድር ገመዱን አየ። ቀጥሎ እኔን አየ። ሳጥኑን ስዘጋው ነው የሳሙና ሽታ የመጣብኝ። ሰደርያዎቹ ታጥበው፣ ደርቀው፣ አንድ ባንድ ታጥፈዋል። ትናንት እኔ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እሱ ሳጥኑን እስከ ጥጉ አውጥቶ አጥቦታል። ገመድ እንዳልነበረ ያውቃል።

አፉን ከፈተ። አለቀልኝ አልኩ።

ለመስፍን እንዲህ አለው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዓርብ ሳጸዳ ከጨርቅ ጋር ጠቅልዬ ከትቼው ይሆናል፣ ጋሼን አላህ ይስጣቸው። መስፍን ተቀየረ። ያን ሁሉ እንግዳ በሲባጎ ያስኬድከኝ ገመዱ አፍንጫህ ሥር እያለ ነው? በእንግሊዝኛም ደገመበት፣ ዓሣ ሻጩ ሁሉ እየሰማ። ቅዳሜ ጂኒ ያለውን ሰው ሰኞ ዝርክርክ አለው። ነገ ጋሼ ይነዳሉ፤ አንተ ወሩን ጨርስና እንነጋገራለን አለው። ከድር አንገቱን ደፍቶ ቻለው።

ብቻችንን ቀረን።  ካንዴላ ፈታን፣ ጠረግን። ኪያቤ ስጠኝ ስለው ሰጠኝ። በትክክለኛው ቁጥር፣ መያዣውን ወደኔ አዙሮ።

ስንዱ ሆዬ፣ ዛሬ ቀና ብላ አታየኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 12፣ ንጋት 12 ሰ.

ሚካኤል ነው። ነጂው እኔ ነኝ። የተመኘሁት ቀን። ካፖርቴ ደርቋል። 

ደብተር፣ እውነቱን ልንገርህ። በሥራ ቢበልጠኝ እችለዋለሁ፤ ባሕር አይቷል፣ ወረቀት ያውቃል። በሽሮም ይብለጠኝ። በቧንቧም ይብለጠኝ። በሰውነት ግን አይበልጠኝም ብዬ ነበር። ትናንት በለጠኝ። እኔ የሰረቅሁትን እሱ ተሸከመው፣ ያውም ሳላስቸግረው፣ ያውም ዝም ብሎ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ። ቢያጋልጠኝ ጠላቴ ነው ብዬ እተኛ ነበር። አሁን በየት በኩል ልጥላው?

እኔ ዳምጤ የሌላ ሰው ምሕረት ጎርሼ መሪ አልይዝም።

ለመስፍን እነግረዋለሁ። እንግዶቹ ሳይሳፈሩ፣ ከድር ቆሞ እየሰማ፣ ዓሣ ሻጮቹም ይስሙ። የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ከድር የሚያውቀው ነገር የለም እላለሁ። ለመስፍን አልለማመጥም። ካባረረኝ ያባርረኝ። ለከድር ግን ይቅር በለኝ እላለሁ። አንዴ። ሁለተኛ አያሰማኝ።

ስንዱ ብዕሩን አቆመች። ምን ሆንሽ? ጻፊ እንጂ። አታልቅሺ፣ ቀለሙ ይበተናል። ካፖርቴን አቀብዪኝ። ዳምጤዬ ነው ያልሽው? ጆሮዬ ነው ወይስ... እሱንም ጻፊው። ጻፊው አልኩ።

የቦዳው ልጅ ጥሩንባውን ይነፋል። መጣ በዪው። ከድር ማለዳ ነው የሚገባው፣ ሁልጊዜ ይቀድመኛል። ለመስፍን ሌላ ነገር ጨምሮ ራሱ ላይ ሳይጭን ልድረስ። በዚህ እንኳ ልቅደመው፣ በዚች በአንዷ እንኳ—