ከገመድ ያመለጠው አንሶላ

ጥቅምት 4
ብርድ ነው። ጉልበቴ እንደ ልማዱ።
የወንድሜ ልጅ ከሥራ ስትወጣ ብቅ አለች። የተረቴ አንሶላ ከማስጫው ገመድ አምልጦ ጣራ ለጣራ የሚበርበትን ሥዕል ጨርሳዋለች። ያምራል። ያምራል ግን አላልኳትም። «ጥላውስ? አንሶላ ሲበር ጥላው መሬት ለመሬት ይሄዳል» አልኳት። ሳቀችና ቁጭ ብላ ጥላውን ጨመረች።
ዕድሜዬን በሆቴል ልብስ ማጠቢያ የሰው አንሶላ ሳጥብ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ስለ አንሶላ ለልጆች እጽፋለሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ?

ጥቅምት 9
ተጣላን። ለካ በየሳምንቱ ኢንተርኔት ላይ የምትለቀውን የተረቴን ገጽ ማንም በነጻ መውሰድ ይችላል።
«ይሁን ብለሻል እኮ፣ አክስቴ!»
«ለማሳየት መስሎኝ ነዋ! ማሳየትና መስጠት አንድ ነው?»
«ሰው ካላየው ማን ይገዛዋል? ማን ያውቅሻል?»
እውነቷን ነው። ማን ያውቀኛል? ያጠራቀምኩትን ብር ለማተሚያ ቤት ልሰጥ ነው፣ ሥራዬን ደግሞ ለመንገደኛው ሁሉ...

ጥቅምት 10
እዚያው ይቆይ አልኳት። ግን በየገጹ ግርጌ ስሜ ይጻፍ፣ በትልቁ።
«ሥዕሉን ያበላሻል።»
«ይበላሽ።»
በመካከለኛ ተስማማን።

ጥቅምት 21
ማተሚያ ቤት ሄድን። ሰውዬው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። መጽሐፌን ለእሱ አደራ ልሰጥ!
«ፊደሉን ብናሳንሰው ገጹ ይቀንስልዎታል፣ እማማ።»
«አይነካም።»
«ወጪው እኮ...»
«ወጪው የኔ። እርስዎን ምን አስጨነቀዎት?»
ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ማንበብ የጀመርኩበት መጽሐፍ ፊደሉ ቅጫም ያህል ነበር፤ ዓይኔ እያለቀሰ ነው የተማርኩት። ልጅ ሳለሁ ወንድሜ ተማሪ ቤት ገባ፣ እኔ የእሱን ዩኒፎርም አጠብኩ። እሱ ይህን ያስታውስ ይሆን? ምን ሊያስታውሰው። ልብሱ ንጹሕ ነበር።

ኅዳር 2
ደሜ ፈላ።
ጎረቤቴ የልጅ ልጇን ከመዋዕለ ሕፃናት ይዛ ስትመጣ በር ላይ ተገናኘን። ልጅቷ እጅ ላይ የኔ አንሶላ! ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ በስቴፕለር ተመትቶ። ግርጌው ተቆርጧል። ስሜ የለም።
«ለሁሉም አድለዋቸዋል። ደስ የሚል ተረት ነው፤ ማን እንደጻፈው እንጃ» አለች ጎረቤቴ።
እንጃ!
እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ብትስቅብኝስ?
ለወንድሜ ልጅ ደወልኩ። «ከኢንተርኔት ላይ አጥፊው። ሁሉንም።»
«እስኪ ተረጋጊ...»
«አልረጋጋም።»
«እስከ ነገ ታገሺኝ።»

ኅዳር 3
መዋዕለ ሕፃናቱ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስደረድር።
ልጆቹ ሜዳ ላይ ነበሩ። ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያ ሥዕል ተደርድሯል፣ ሁሉም ቀለም ቀብተውታል። ቀይ አንሶላ። ዝንጉርጉር አንሶላ። አንዱ አረንጓዴ፣ ጥርስ ያለው። እኔ ነጭ ላደርገው ጣቴ በበረኪና ያለቀበትን!
መምህርቷ ልጅ ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ፊቷ ቀላ። «ማሽኑ ነው የቆረጠው፣ ወረቀቱ አጭር ነው። አላስተዋልኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» የደረደርኩትን ንግግር እንደያዝኩ ተሰናበትኳት።
ስወጣ ከደረጃው ሥር ድምፅ ሰማሁ። «አን... ሶ... ላ... ው...» የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፣ ትልቅ ሴት። የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ ወረቀቶቹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች። ስታየኝ ደንግጣ ሽርጧ ሥር ሸጎጠችው።
«ልጆቹ ጥለውት ነው። ልጥለው ነበር።»
ያንን መሸጎጥ አውቀዋለሁ። የኔ ደብተር የታጠፈ ፎጣ ሥር ነበር። አለቃዬ ሲመጣ ፎጣ ቆጣሪ እሆናለሁ። ማንበብ ምን ያሳፍራል? ያሳፍራል። በዚያ ዕድሜ ያሳፍራል።
«የት ደረስሽ?» አልኳት።
«ነፋሱ ጋ» አለች ቀስ ብላ።
«ከነፋሱ በኋላ ነው የሚጥመው።»
ወደ ቤቴ መጣሁ።

ኅዳር 4
ለወንድሜ ልጅ ደወልኩ። «አታጥፊው።»
«ምን ተገኘ?»
«ምንም። ስሜን ከግርጌ አንሺና አናቱ ላይ አድርጊው። ደግሞ ቀለም የሌለውንም ልቀቂ፣ ለሚያባዙት። ልጆቹ እንደፈለጉ ይቀቡት፣ ቀይም አረንጓዴም።»
«አረንጓዴ አንሶላ፣ አክስቴ?»
«ጥርስ ያለው።»
ስልኩ ውስጥ ሳቋ አላልቅ አለ።

ታኅሣሥ 12
መጽሐፉ መጣ። ካርቶኖቹ አልጋዬ ሥር ናቸው። ሽታው ደስ ይላል...
መጀመሪያ የገዛችው ጎረቤቴ ናት። ሽፋኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ሽፋኑን። «አንቺ?! ዝም ብለሽ ከረምሽ?» ከዚያ አፏን ሞልታ ቅናሽ ጠየቀች። «በነጻ ያለውን ነገር!»
«እንግዲያው በነጻው አንብቢ።»
እያጉረመረመች ገዛች።

ታኅሣሥ 15
አንድ መጽሐፍ ይዤ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄድኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደሩን ትጠርጋለች። ሰጠኋት።
«ለመምህርቷ ልስጥልዎት?»
«ላንቺ ነው።»
እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ አንዴ፣ እንደገና። ዘወር ዘወር ብላ አየች፤ ማንም የለም። ቶሎ ትገልጠዋለች ስል ከሽፋኑ ጀመረች። ርዕሱን ታውቀዋለች፣ ሮጠችበት። ከሥሩ ስትደርስ ቆመች። ጣቷን አስቀመጠች። አንዱን ፊደል አለች... ሌላውን... ወደ ኋላ ተመለሰች... ከዚያ ሁሉንም ባንዴ፣ ጮክ ብላ።
ሆቴሉ ውስጥ «አንቺ» ነበርኩ። ሲቆጡ «አንቺ ሴትዮ»። ስሜን እንዲህ ተጠንቅቆ የጠራው ሰው አላውቅም።
«ማን ናት?» አለችኝ።
«እስኪ ድገሚው» አልኳት።